የኔቡላው ቀለም እውነተኛ ነውን?

ጥያቄ፦ ሀብል ቴሌስኮፕ ያነሳው «የፍጥረት ምሰሶዎች» የተባለው ዝነኛ ፎቶግራፍ ቀለሙ እውነተኛ ነው ወይስ በኮምፒዩተር የተቀባ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቀለሙ ሰው የመደበው ቢሆንም ብርሃኑ እውነተኛ ነው። ሀብል እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. 6,500 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ በሚገኘው የንስር ኔቡላ በተባለው የጋዝና የአቧራ ደመና ውስጥ ያሉትን እነዚህን ምሰሶዎች ሲያነሳ፣ ከሰልፈር፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የሚወጣውን ብርሃን በማጣሪያ ለይቶ በጥቁርና ነጭ መዘገበ፤ ባለሙያዎቹም በቅደም ተከተል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሰጧቸው። የሰልፈሩና የሃይድሮጅኑ ብርሃን ሁለቱም ለዓይን ቀይ ስለሆኑ፣ እንዲህ ባይለዩ ኖሮ አንዱን ከሌላው መለየት ባልተቻለ ነበር። እኔ በበኩሌ ይህን ማታለል ሳይሆን ካርታ መሳል እለዋለሁ። ከምሰሶዎቹ ጫፍ እንደ ጣት ብቅ ብቅ ባሉት ጉብታዎች ውስጥ ጋዝና አቧራ በገዛ ስበቱ እየተጨመቀ ከዋክብት ይወለዳሉ፤ ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያነሳቸው፣ አቧራው የሸፈናቸው ጨቅላ ከዋክብት እንደ ፍም ቀልተው ታዩ።