በ20 ሺህ ብር የንግግር መድረክ ለማሰናዳት

ጠያቂያችን፣ የንባብ ክበባችሁ አዲስ አበባ ላይ 80 ሰው የሚታደምበት የንግግር መድረክ ማዘጋጀት እንደሚፈልግ፣ በእጃችሁ ያለው ግን 20 ሺህ ብር ብቻ እንደሆነ ገልጻችሁ ከየት እንጀምር ብላችኋል። ብሩ ለአዳራሽ ኪራይ ካልወጣ ያደርሳችኋል።

ከፖስተር አትጀምሩ። መጀመሪያ ማኅተም ያለው አጋር ፈልጉ። አዳራሽ ያላቸው አብዛኞቹ ተቋማት በቃል ጥያቄ አያስተናግዱም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የታዳሚው ብዛት፣ ርዕሱና የተናጋሪዎቹ ስም የሰፈረበት ባለማኅተም ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ክበባችሁ ካልተመዘገበ አንድ ትምህርት ቤት ወይም ማኅበር በጋራ አዘጋጅነት ይጻፍላችሁ፤ በምላሹ ዓርማው ፖስተሩ ላይ ይገባል። ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው፣ ከኃላፊው ወደሚመለከተው ክፍል እስኪመራ ቀናት ስለሚያልፉ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት አስገቡት፤ ቅጂው ላይም መቀበላቸውን አስፈርሙ። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ)፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትና የዩኒቨርሲቲ አዳራሾች ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ ናቸው።

ቀኑን በተመለከተ እሑድ ከቀኑ 8:00 ሰዓት ይሻላል። ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሰው ምሳውን በልቶ ይደርሳል፤ ሳይመሽም ታክሲ ይዞ ይገባል። ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝ ኳስ ወጣቱን ይወስድባችኋል። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ የሚካሄድበትን እሑድ ዝለሉት፤ መንገድ ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴም ዝናቡ የተመዘገበውን ሰው ቤቱ ያስቀረዋል።

ከገንዘቡ ግማሹን ድምፅ ላይ አውሉት። ታዳሚ ወንበር ቢጎረብጠው ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን 10 ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩን ያስወጣዋል። ለ80 ሰው ሁለት ስፒከር፣ አነስተኛ ሚክሰር (የድምፅ ማመጣጠኛ)፣ ሁለት ገመድ አልባ ማይክና አንድ ባለገመድ ማይክ በቂ ነው። ባለገመዱ ሌሎቹ ሲከዱ መጠባበቂያ ስለሆነ አይቅር። ስፒከሮቹ ከተናጋሪው ፊት ለፊት ወጣ ብለው ወደ ታዳሚው ይዙሩ፤ ከኋላው ከቆሙ ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ ይይዝና ያፏጫል። ለእያንዳንዱ ማይክ አዲስ ባትሪ ከነትርፉ ያዙ። አዳራሹ ጄኔሬተር አለው ሲሏችሁ የመድረኩን ሶኬት ይደርስ እንደሆነ ጠይቁ፤ መብራቱን ብቻ የሚያበራ ጄኔሬተር ብዙ ነው።

ከቀሪው ላይ ቡና፣ ቆሎና ውኃ ይገዛል። አንድ ኪሎ ቡና ለ80 ሰው አንድ ዙር ያዳርሳል፣ ቆሎ 3 ኪሎ ይበቃል፤ 12 ጠርሙስ የያዘ የግማሽ ሊትር ውኃ ደግሞ 7 እሽግ ያስፈልጋል። ቆሎ ለጾመኛውም ለሁሉም ስለሚሆን ብስኩትና ኬክ ውስጥ አትግቡ። ለተናጋሪዎች ትራንስፖርት ያዙ፤ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን ግን እስከ መጨረሻው ቀን አትንኩት።

ሰው የሚመጣው በሰው ነው፤ ፖስተር ማስታወሻ ብቻ ነው። ከክበቡ 15 አባላት እያንዳንዳቸው 10 ሰው በስም ይጋብዙ፣ መልሱንም ይመዝግቡ። መግቢያው ነፃ ከሆነ ከተጠራው ግማሹ ቢገኝ እንደ መልካም ቁጠሩት፤ ለ80 ሰው 150 መጥራት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ ከሦስት ሳምንት በፊት አሳውቁ፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው አስታውሱ፣ በዋዜማውና በዕለቱ ጠዋት የቦታውን ሎኬሽን ላኩ። ተናጋሪው ራሱ በስልኩ የቀረጸው የ40 ሰከንድ ቪዲዮ በገጹ ቢለቀቅ እናንተ ከምትለጥፉት ሁሉ ይልቃል፤ ተከታዮቹ እሱን ፈልገው ነውና የሚመጡት።

ፖስተሩ ላይ ወሩን በስሙ ጻፉ፣ በቁጥር አይሁን። የሰዓቱ አጻጻፍ አንድ ዓይነት ይሁን፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 2:00 የሚል ከገባ ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። አዳራሹ ከታክሲ መውረጃው በየት በኩል እንደሆነም ጨምሩበት።

በዕለቱ 50 ወንበር ብቻ ዘርጉ፣ የቀረውን ከኋላ ደርድራችሁ ሰው ሲጨምር አውጡ። ፊት ለፊቱ የተራቆተ አዳራሽ ተናጋሪውን ያቀዘቅዘዋል። የክብር እንግዳ ካለ 5 ደቂቃ ስጡት፣ አስቀድማችሁም ንገሩት። ሁለት ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ 40 ደቂቃ ጥያቄ።

ብዙ መድረክ የሚበላሸው ጥያቄው ላይ ነው። ማይክ የጨበጠ ጠያቂ ወደ ንግግር ይሻገርና የሌሎቹን ተራ ይበላል። ማይኩን አስተባባሪው ራሱ ይዞ ወደ ጠያቂው አፍ ያስጠጋ፤ አንድ ደቂቃ ሲሞላ ማራቅ አይከብደውም። ዝም የሚሉ ታዳሚዎች፣ በተለይ ወጣት ሴቶች፣ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው እንዲልኩ መግቢያው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አድሉ። የበሰሉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወጣሉ።

ድምፁን ከሚክሰሩ በቀጥታ ቅረጹ፣ በሁለት ቀን ውስጥም ቻናላችሁ ላይ ልቀቁት። አዳራሹን ለሰጣችሁ ተቋም ከፎቶ ጋር የምስጋና ደብዳቤ አስገቡ፤ ለቀጣዩ መድረክ ደብዳቤ ስትጽፉ እሱን አያይዙበት።