ሁለት ማልያ፣ አንድ ጉልበት፦ ሃርሊንግንና የጌሊክ እግር ኳስን አብሮ ስለ መጫወት ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በሰፈራችን ክለብ ከ15 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች በሃርሊንግም (በዱላና በትንሽ ኳስ የሚጫወቱት ነው) በእግር ኳስም አሠለጥናለሁ፤ እዚህ እግር ኳስ ስል ኳሱ በእጅም በእግርም የሚያዝበትን የአየርላንዱን፣ የጌሊኩን ማለቴ ነው፤ የራሴ ልጆችም ሁለቱንም ተጫውተው አድገዋል። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ስለዚሁ ጉዳይ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ማታ ተቀምጬ እመልሳለሁ። ስትጠይቁ የልጁን ዕድሜ፣ በሳምንት ስንት ልምምድና ስንት ግጥሚያ እንዳለበት ጻፉልኝ። ያንን ሳላውቅ የምሰጠው መልስ ግምት ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ደብሊን)፦ ጋሼ፣ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ እግር ኳስ፣ ረቡዕና ዓርብ ሃርሊንግ ይለማመዳል። ቅዳሜ ወይም እሑድ ግጥሚያ አለ፤ አንዳንድ ሳምንት በሁለቱም ቀን። ትምህርት ቤቱም ለብቻው ያጫውተዋል። ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ አካሄዱ እንደ ሽማግሌ ሆኗል። አንዱን ይተው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ገና አታስተዪው። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ወስደሽ የክለቡን እግር ኳስ፣ የክለቡን ሃርሊንግ፣ የትምህርት ቤቱን እግር ኳስና ሃርሊንግ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ጻፊና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፊው። አራት አሠልጣኞች አሉበት ማለት ነው። እያንዳንዳቸውን ብትጠይቂ «እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የማሠራው» ይሉሻል፤ እውነታቸውንም ነው። የልጁ ጭን ግን የሁሉንም ድምር ነው የሚሸከመው።

በእኔ ቤት የደረሰውን ልንገርሽ። ሴት ልጄ በ16 ዓመቷ ካሞጊም፣ ማለትም የሴቶቹን ሃርሊንግ፣ የሴቶች እግር ኳስም ትጫወት ነበር። የካሞጊ ማኅበር በ1904 (ዓመቱንም ወሩንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ የሴቶቹ እግር ኳስ ማኅበር በ1974 የተቋቋሙ ናቸው፤ የየራሳቸው ጽሕፈት ቤትና የየራሳቸው የጨዋታ ቀን ነበራቸው። አንድ እሑድ ቀትር ላይ ካሞጊ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ እግር ኳስ ደረሰባት። መኪና ውስጥ ግማሽ ሙዝ በልታ የኋላ ወንበር ላይ ማልያ ቀየረች። የራስ ቁሩ በላብ እንደራሰ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ አንዲት ኳስ ተከትላ ስትሮጥ ንብ እንደ ነደፋት ሰው የጭኗን ኋላ ያዘች። ገና ሳትወድቅ አወቅሁት። ዐሥር ሳምንት ከሜዳ ራቀች። ማንም አላስገደደንም፤ «ዛሬ አንዱ ይቅር» የሚል ሰው ነው የጠፋው። ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ።

ስለዚህ አሠልጣኞቹ ይነጋገሩ። መልእክት በልጁ አፍ አይላክ፤ ልጅ አሠልጣኙን «ደክሞኛል» አይልም፣ ከቡድኑ እወጣለሁ ብሎ ይፈራል። አንቺው ስልክ ደውዪላቸው።

ጥያቄ (የ19 ዓመት ወጣት፣ ጎልዌይ)፦ ለሦስት ሳምንት እግር ኳስ ብቻ ተጫውቼ ወደ ሃርሊንግ ስመለስ ስሊተሯ (ትንሿ ኳስ) ሃርሊዬን (ዱላዬን) ነክታ እየነጠረች ታመልጠኛለች። ቀድሞ ትጣበቅልኝ ነበር። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። የጌሊክ እግር ኳስ ከ480 እስከ 500 ግራም ይመዝናል፤ በሁለት መዳፍና በደረትህ ታቅፈዋለህ፣ ትንሽ ብትሳሳትም ይቅር ይልሃል። ስሊተር ከ110 እስከ 120 ግራም ናት፤ የምትቀበልበት የሃርሊ ሰፊ ጫፍ ደግሞ ከ13 ሳንቲ ሜትር መብለጥ አይፈቀድለትም። እዚያች ላይ ስትደርስ እጅህ ከእርሷ ጋር አብሮ ወደ ኋላ ማለት አለበት፤ ዕንቁላል ወርውረውልህ እንደምትቀበለው። እግር ኳስ ለሦስት ሳምንት ሲጫወቱ ቆይተው የመጡ ልጆች እጃቸው ይደርቃል፤ ሃርሊውን እንደ መጥረቢያ እጀታ ጨብጠው ይጠብቋታል። በጆሮህ ታውቀዋለህ፦ ጥሩ ቅበላ ድምፁ ድፍን ነው፣ መጥፎው ጧ ይላል።

ሌላው ወገብህ ነው። እግር ኳስ ቀና ብለህ ከላይ እንድትቀልብ ያስለምድሃል፤ ሃርሊንግ ዝቅ ብለህ በሩጫ ከሣር ላይ እንድታነሣ ይፈልጋል። መድኃኒቱ በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ ግድግዳ ነው። አራት እርምጃ ርቀህ ቁም፣ በቀኝም በግራም ምታ፣ ሳታስነጥር ተቀበል። የእግር ኳስ ሳምንት ነው ብለህ አትተወው፤ ይልቁንም በዚያ ሳምንት ነው የሚያስፈልግህ። እግር ኳስ ለሁለት ሳምንት ቢቀርብህ እግርህ አይረሳውም፤ የእጅህ አንጓ ግን ይረሳል። ከሴቶቹ ወገን ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ በሴቶች እግር ኳስ ኳስን ከመሬት በእጅ ማንሣት ይፈቀዳል፣ በካሞጊ አይፈቀድም። ከእግር ኳስ ሳምንት በኋላ ስንቷ ልጅ ጎንበስ ብላ በእጇ ስታነሣ ፊሽካ እንደ ተነፋባት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ጥያቄ (አባል፣ ኮርክ)፦ በሁለቱም ጎበዝ ለመሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜህን፣ ደረጃህንና ሳምንትህን ጻፍልኝ።

ጥያቄ (አባት፣ ሊመሪክ)፦ በትልቁ ደረጃ ሁለቱንም ተጫውቶ የተሳካለት አለ? ወይስ ተረት ነው?

መልስ፦ ተረት አይደለም። የኮርኩ ቴዲ ማካርቲ አለ። በ1990 መስከረም 2 ቀን የአየርላንድ ሃርሊንግ ሻምፒዮና ፍጻሜ ነበር፤ ኮርክ ጎልዌይን 5-15 ለ 2-21 አሸነፈ። የመጀመሪያው ቁጥር ጎል፣ ሁለተኛው ነጥብ ነው፤ ጎል ሦስት ነጥብ ስለሆነ 30 ለ 27 ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በመስከረም 16 ቀን ኮርክ በእግር ኳስ ሚዝን 0-11 ለ 0-9 አሸነፈ። በሁለቱም ፍጻሜ ሜዳ ላይ የነበረው ማካርቲ ነው። በአንድ ዓመት በሁለቱም ፍጻሜ ተጫውቶ ያሸነፈ ከእርሱ በቀር የለም። በ2023 ሲያርፍ ከተማችን እንዴት እንዳዘነች አይቻለሁ።

ከእርሱ በፊት ጃክ ሊንች አለ፤ ከ1941 እስከ 1944 በሃርሊንግ፣ በ1945 በእግር ኳስ፣ በ1946 እንደገና በሃርሊንግ፣ ስድስት ዋንጫ በተከታታይ። በኋላ የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። ለእኛ ለስደተኛ ወላጆች ደግሞ ሾን ኦግ ኦ ሃልፒንን አስታውሱ። ፊጂ ተወልዶ በልጅነቱ ኮርክ የገባ ነው። በ1999 የሃርሊንጉን ፍጻሜ አሸነፈ፣ በዚያው ወር የእግር ኳሱን ፍጻሜ በሚዝ ተሸነፈ። ኋላ ግን ወደ ሃርሊንጉ አደላ።

ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጣሉ። ሪና በክሊና ብሪጅ ኮርኬሪ፣ ሁለቱም የኮርክ ልጆች፣ እያንዳንዳቸው 18 የአየርላንድ ሻምፒዮና ሜዳልያ አላቸው፤ 11 በእግር ኳስ፣ 7 በካሞጊ። በክሊ በ2012 እግር ኳሱን፣ በ2017 ካሞጊውን በአምበልነት መርታ ዋንጫ አንሥታለች።

አባል (ዋተርፎርድ)፦ ታዲያ የዛሬዎቹ ወንዶች ለምን አይችሉም? ስንፍና ነው። የድሮዎቹ ቀን ሥራ ውለው ማታ ይጫወቱ ነበር።

አባል (ኪልኬኒ)፦ ስንፍና አይደለም፣ ብልህነት ነው። ኪልኬኒ ሃርሊንግን መርጦ 36 የአየርላንድ ዋንጫ ወስዷል። የወንዶች ዋና የእግር ኳስ ሻምፒዮና ላይ ቡድን እንኳ አያሰልፍም። ሁለት ጥንቸል የሚያሳድድ አንዱንም አይዝም።

አባል (ዋተርፎርድ)፦ ኮርክ ሁለቱንም ይዞ አሳይቷል።

አባል (ኪልኬኒ)፦ ከሠላሳ ዓመት በፊት!

መልስ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። በ1990 ሻምፒዮናው ተሸንፎ መውጣት ነበር፤ ግጥሚያው ጥቂት፣ በመካከሉም ሳምንታት ነበሩ። ከ2018 ወዲህ በማንስተርና በሌንስተር ክፍለ ሀገራት የሃርሊንግ ቡድኖች በዙር ይጫወታሉ፤ ሳምንት ከሳምንት ማለት ይቻላል። ድሮ በመስከረም ይደረጉ የነበሩት ፍጻሜዎች ከ2022 ጀምሮ ሐምሌ ላይ ናቸው፤ የካውንቲው (እንደ ኮርክና ኪልኬኒ ያለው የአውራጃ ቡድን) ወቅት ሲያልቅ የክለቡ ይጀምራል። ለክለብ ተጫዋች ትልቅ እፎይታ ነው። በካውንቲ ደረጃ ሁለቱንም ለሚፈልግ ግን በሩ ጠበበ፤ ያው ግጥሚያ በአጠረ ጊዜ ውስጥ ታጨቀ። በ2018 የወጣ ጥናት የካውንቲ ተጫዋቾች በሳምንት እስከ 31 ሰዓት ለጨዋታው እንደሚሰጡ አሳይቷል። ያ የአንዱ ጨዋታ ብቻ ነው፤ የሚከፈላቸውም የለም፤ በማግሥቱ መምህሩ ወደ ክፍሉ፣ አናጺው ወደ ሥራው ይሄዳል። ሰነፍ የምትሏቸው እነዚህን ነው?

በክለብ ደረጃ ግን አሁንም ይቻላል። ኮን ኦካላሃን በ2017 እና በ2018 ከክለቡ ከኩላ ጋር የአየርላንድ የክለቦች ሃርሊንግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በዚያው በ2017 ከደብሊን ካውንቲ ጋር በእግር ኳስ አሸንፏል። በ2025 ኩላ የክለቦቹን የእግር ኳስ ዋንጫም ሲወስድ አብሮ ነበር። በካውንቲ አንዱን፣ በክለብ ሁለቱን፤ ዛሬ መንገዱ ይህ ነው። የደሪው ክለብ ስሎትኒል በ2016 የአልስተር ክፍለ ሀገርን የክለቦች ሃርሊንግ፣ እግር ኳስና ካሞጊ ሦስቱንም ወስዷል። ትንሽ የገጠር መንደር ነው። ልጆቹ አንድ ስለሆኑ አሠልጣኞቹ ሳይነጋገሩ አንድ ቀን አይውሉም።

አባል (ደብሊን)፦ ሃርሊንግ እኮ የኛው የገና ጨዋታ ነው! ቆልማማ ዱላ፣ ሩር፣ ግፊያ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ?

አባል (ዋተርፎርድ)፦ በገና ሩሯ መሬት ለመሬት ነው የምትሄደው። እነዚህ በአየር ላይ ነው የሚመቷት፣ በእጅም ይቀልቧታል።

አባል (ደብሊን)፦ አያቴ በአየር ላይ ይመታት ነበር።

መልስ፦ ዘመድ መሆናቸውን እኔም እወዳለሁ፤ አባቴ የገናውን ዱላ ሲያቃና አይቼ ነው ያደግሁት። ግን ለሌላ ቀን እናቆየው፤ የሚጠብቁ ወላጆች አሉ።

ጥያቄ (አባት፣ ኮርክ)፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ሁለቱንም ይጫወታል፣ ይደክመዋል። አንዱን ይተው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለደብሊኗ እናት የጻፍኩትን ከላይ አንብብ። ወረቀቱን ጻፍ። አሠልጣኞቹ ይነጋገሩ።

ጥያቄ (እናት፣ ጎልዌይ)፦ የታላቁ የራስ ቁር አለን። ለልምምድ ብቻ ከሆነ ግድ የለም አይደል?

መልስ፦ ልኩ ከሆነ፣ ካልተሰነጠቀና የፊት ፍርግርጉ ካልተጣመመ ይሆናል። ያለ እርሱ ግን አይሆንም። ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ለሁሉም ግዴታ ነው፤ ልምምድም ያው ነው።

ጥያቄ (አባል፣ ሊመሪክ)፦ የትኛው ጫማ ይሻላል?

መልስ፦ እግሩን የማይጨምቀው።

ጥያቄ (እናት፣ ኮርክ)፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ዐቢይ ጾምን ይጾማል። በዚያው ወቅት በሳምንት አራት ልምምድና አንድ ግጥሚያ አለበት። እሑድ ደግሞ ቅዳሴ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የጾሙን ሥርዓት የንስሐ አባቱን ጠይቂ፤ እኔ የምመልሰው አይደለም። የማውቀውን ልንገርሽ፦ የጾም ምግብ ችግር የለበትም፤ ሽሮና ምስር በልቶ በደንብ ይሮጣል። ችግሩ ባዶ ሆድ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ያልቀመሰ ልጅ ቀትር ላይ በሙሉ ኃይሉ መሮጥ የለበትም። አሠልጣኙን አነጋግሪው፤ የምሽቱን ልምምድ ይስጠው። ስለ ቅዳሴው ቀድመሽ ከነገርሽው ብዙዎቹ ይረዳሉ። በግጥሚያው ጠዋት ብትነግሪው ግን ቡድኑ ሰው ይጎድልበታል።

ጥያቄ (የ22 ዓመት፣ ኮርክ)፦ በክለብ ሁለቱንም እጫወታለሁ። አራት ልምምድ፣ አንድ ግጥሚያ። የጭኔ የኋላ ጡንቻ በዓመት ሁለቴ ይያዛል። በየትኛው ጨዋታ ምክንያት ነው?

መልስ፦ በሁለቱም። በእግር ኳስ ምቱ ብሽሽትህንና ጭንህን ይጎትታል፤ በሃርሊንግ ደግሞ በሙሉ ሩጫ ጎንበስ ስትል ያው ጡንቻ ከኋላ ይወጠራል። በሁለቱም ጨዋታ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እርሱ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ሂድ፤ በጽሑፍ አይታከምም። ማሟሟቂያም አትዝለል። ጂኤኤ 15 የሚባለውን የማሟሟቂያ ሥራ አሠልጣኝህ ያውቀዋል፤ ዘግይተህ ከሥራ መጥተህ በቀጥታ ወደ ኳሱ አትግባ። አምስት ቀን ከመሥራት ሦስት ቀን ትኩስ ሆነህ መሥራት ይበልጣል። ለሁለቱም አሠልጣኞችህ ይህንኑ ንገራቸው፣ በአንድ ላይ ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

ጥያቄ (አባል፣ ዋተርፎርድ)፦ ግን ከልብ የሚጫወት ልጅ ይደክማል?

መልስ፦ ይደክማል። ከልቡ ስለሚጫወት ነው የሚደክመው፤ ሰነፉማ ራሱን ያሳርፋል።

እናት፣ ደብሊን፦ ጋሼ፣ ወረቀቱን አሁን ጻፍኩት። ያለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ሜዳ ገብቷል። እኔ ስድስት ይመስለኝ ነበር። የትምህርት ቤቱን ረስቼው ነው።

መልስ፦ ሁሉም ወላጅ የትምህርት ቤቱን ይረሳል። አሁን ወረቀቱን ፎቶ አንሥተሽ ለአራቱም በአንድ ቀን ላኪላቸው፤ አንዱ የሌላውን ስም እንዲያይ። የነገውን ሐሙስ አስቀሪው፤ እኔ ነኝ ያልኩት በዪ። ዓርብ ሃርሊውን ይያዝ፣ ግን ግድግዳው ጋ ዐሥር ደቂቃ ብቻ፣ ሩጫ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ አካሄዱን እይውና ጻፊልኝ።