መልስ፦ ልጄ በሳምንት አንድ ቀን ቢቀር ምን ይጎዳዋል?

እህቴ፣ «ስምንተኛ ክፍል ያለው ልጄ ሰኞ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ሱቅ ያግዘኛል፤ ኖቱን ከጓደኛው ይገለብጣል፤ ችግር አለው?» ብለሻል። አዎ፣ አለው።

እኔም እዚሁ ሐዋሳ ሂሳብ አስተምራለሁ። ሰኞ እኩልታ አፈታት ጀመርን እንበል። ማክሰኞ ልጅሽ ሲመጣ ደብተሩ ሙሉ ነው። ግን ደማሩ 3 ከእኩል ምልክቱ ወዲያ ሲሻገር ለምን ተቀናሽ እንደሆነ ደብተሩ አይነግረውም። ያንን ያየው ሰሌዳው ፊት የነበረ ልጅ ነው። ያንቺው መጠየቅ ያፍራል። ዝም ይላል። ቀስ እያለ የኋላ ወንበር ለምዶ ቁጭ ይላል። ክላስወርኩና ድንገተኛ ፈተናው ላይ የሚያጣው ማርክ ሳይቆጠር ነው ይሄ።

ዘንድሮ ሚኒስትሪ አለበት። ክፍተቱም እዚያ አያበቃም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሹን ማርክ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። መቅረት ብቻ ነው ያመጣው አልልም፤ ብዙ ጣጣ አለው።

ሱቁም እንጀራችሁ ነው፣ ይገባኛል። ትምህርት ቤቱ ፈረቃ ከሆነ በቀሪው ግማሽ ቀን ያግዝሽ። ማታ ደግሞ «ምን ተማርክ?» አትበዪው፤ «ምንም» ነው የሚልሽ። «ዛሬ መምህሩ ምን ጠየቃችሁ? ማን መለሰ?» በዪው። በዚህ ሳምንት ደግሞ ጎራ ብለሽ የክፍል ኃላፊ መምህሩን አናግሪ። የስም መጥሪያውን አሳዩኝ ማለት መብትሽ ነው። ከሰኞ ውጪም ቀርቶ ሊሆን ይችላላ!