«ማታ ማታ የምትደግመውን አብሬያት ልድገም?»

ጥያቄ፦ በአንድ የዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አብራኝ የምታድረው የሲሪላንካ ልጅ ቡድሂስት ናት። ማታ ሥራ ስንጨርስ በዜማ ትደግምና ዓይኗን ጨፍና ሃያ ደቂቃ ያህል ጸጥ ትላለች፤ ከዚያ ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔ በጭንቀት ስገላበጥ አድራለሁ፤ ዳዊት ስደግምም ሐሳቤ አገር ቤት ነው። «አብረን እናድርግ፣ ለጥበቃም ነጭ ክር ልሰርልሽ» ትለኛለች። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ ጓደኛሽ ምን እንደምትል እንወቅ። የሲሪላንካ ቡድሂስቶች የሚደግሙት ፓሊ በሚባል ጥንታዊ ቋንቋ ነው፤ ለእነርሱ እንደኛ ግእዝ መሆኑ ነው። «ናሞ ታሳ» ብለው ጀምረው 3 ጊዜ ቡድሃን ያከብራሉ። ቀጥሎ «ቡዳም ሳራናም ጋቻሚ» ይመጣል፤ «ቡድሃን መጠጊያዬ አደርጋለሁ» ማለት ነው። ትምህርቱንና የመነኮሳቱን ማኅበርም እንዲሁ መጠጊያ ያደርጋሉ፤ እያንዳንዱን 3 ጊዜ፣ በድምሩ 9። ከዚያ አምስቱ ትእዛዛት አሉ፦ አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ አለመሴሰን፣ አለመዋሸት፣ አለመስከር። ዝምታው የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ትንፋሻቸው ሲገባና ሲወጣ ልብ ይላሉ፣ ወይም ለራሳቸውና ለፍጥረት ሁሉ ደኅንነትን ይመኛሉ።

አምስቱን ትእዛዛት ማን ይጠላል! ነገሩ ያለው መጠጊያው ላይ ነው። ያ ቃል እንደኛ ጸሎተ ሃይማኖት የእምነት ምስክርነት ነው፤ የማረጋጊያ ዜማ ብቻ አይደለም። አንቺ ደግሞ መጠጊያሽን ከ90ኛው መዝሙር ታውቂዋለሽ፦ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል።» በሁለት መጠጊያ አይታደርም፤ ስለዚህ ቃሏን አትድገሚ።

«ታዲያ እርሷን ለምን ያረጋጋታል?» ትዪ ይሆናል። ማረጋጋቱንስ ያረጋጋታል፤ መካድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ ጣሊያን ውስጥ የተካሄደ ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎችን አንድ ጊዜ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ አንድ ጊዜ የቡድሂስቶችን ማንትራ (እየደጋገሙ የሚሉትን አጭር ቃል) አስደግሞ ነበር። በሁለቱም ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ አለ። ሰው ቃል በዝግታ ሲደግም አየር የሚያወጣበት ጊዜ ይረዝማል፤ ያኔ የልብ ምት ይረጋል። ይህ ፈጣሪ በሰው ሁሉ ሥጋ ያኖረው ነው። እንግዲህ መረጋጋቱ የየትኛውም እምነት ማስረጃ አይሆንም፤ ጸጥ ብሎ መቀመጥም የእነርሱ ብቻ አይደለም። በእኛ ዘንድ አርምሞ ይባላል፤ ማር ይስሐቅን የሚማሩ መነኮሳት የሚኖሩበት ነው።

ሐሳብሽን የሚበትነው ዳዊቱ ሳይሆን አደጋገምሽ ይመስለኛል። የዳዊት የሰኞ ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው። ይህን ቀኑን ሙሉ ሲለፋ በዋለ ሰውነት ላንብብ ካልሽ ዓይንሽ መስመሩን ይዞ ይሮጣል፣ ልብሽ እናትሽ ቤት ይደርሳል። ማታ አሳንሺው። ቆመሽ ፊትሽን ወደ ምሥራቅ አዙሪ፤ አማትበሽ አባታችን ሆይና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ድገሚ። ከዚያ መዝሙር 4ን እና 90ን ብቻ፣ የራስሽ ጆሮ በሚሰማው ሹክሹክታ አንብቢ። የመዝሙሩ እያንዳንዱ ቁጥር ሲያልቅ አንድ ትንፋሽ ጠብቂ፤ ቃሉ ወደ ልብ የሚወርደው በዚያች ክፍተት ነው።

ቀጥሎ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ በይ። አየር ስታስገቢ «እግዚኦ»ን በልብሽ፣ ስታወጪ «መሐረነ ክርስቶስ»ን በከንፈርሽ። ሰባት ደቂቃ ቢወስድ ነው። መቁጠሪያ ከሌለሽ ወይም መያዙ ካልተመቸሽ፣ በአውራ ጣትሽ የአራቱን ጣቶች አንጓ ቁጠሪ፤ አንዱ ዙር 12 ነው፣ ሦስት ዙር 36፣ አምስቱ የጣት ጫፎች ሲጨመሩ 41። ትንፋሽሽን ግን አታስገድጂው። በጥልቀትና በፍጥነት የሚተነፍስ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቱን ይነዝረዋል። ያ ጸጋ አይደለም፤ ከሰውነት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያንስ የሚመጣ ነው።

«ጌታ በከንቱ አትድገሙ ብሏል» የሚልሽ ካለ፣ የተከለከለው ከንቱው ነው። ራሱ ጌታ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸልዮአል (ማቴ. 26፥44)፤ መዝሙር 135ም «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና»ን 26 ጊዜ ይላል።

አሁን ተቀመጪና አምስት ደቂቃ ዝም በይ። እግርሽን አታጣጥፊ፤ ሲደነዝዝ ሐሳብሽ እግርሽ ላይ ይሆናል። አእምሮሽን ባዶ ለማድረግም አትታገዪ። ከመዝሙር 4 «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» የምትለውን ይዘሽ ቆዪ። ሐሳብ ሲመጣ ራስሽን ሳትገሥጪ «እግዚኦ» ብለሽ ተመለሺ፤ ሃያ ጊዜ ቢሄድ ሃያ ጊዜ። ቅዱስ ያሬድ ሲዘምር ዐፄ ገብረ መስቀል በጦራቸው እግሩን ወግተውት ሁለቱም አልተሰማቸውም ሲባል ሰምተሻል፤ ያ ተመስጦ ነው፣ የጀማሪ መለኪያ አይደለም።

እንቅልፍ ከጣለሽ ቆመሽ ጨርሺ። በዝምታው ውስጥ የሚያስፈራ ትዝታ ከመጣ ዓይንሽን ግለጪና ወደ ዳዊቱ ድምፅ ተመለሺ፤ ከተደጋገመ ለንስሐ አባትሽ ደውዪ፣ ሐኪምም አማክሪ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ስግደት ከፈለግሽ ከጸሎቱ በፊት 3 ይበቃል። ቅዳሜና እሑድ፣ በጌታ በዓላት፣ በበዓለ ሃምሳና ከቆረብሽ በኋላ አይሰገድም። ወለል ስትወለውዪ የዋለ ጉልበትሽ እምቢ ካለም አንገትሽን ዝቅ አድርጊ።

ስለ ክሩ፦ መነኮሳቱ ፒሪት የሚባለውን የጥበቃ ድግምት ሲያደርሱ የሚይዙት ነጭ ክር ነው፤ ኋላ በእጅ አንጓ ይታሰራል። አንቺ ማተብ አለሽ። «የኔ አንገቴ ላይ አለ» ብለሽ አሳያትና አመስግኛት፤ የሰጠችሽ በፍቅር ነው። እርሷ በጥጓ አንቺ በጥግሽ በአንድ ሰዓት ዝም ብትሉ ምንም ነውር የለውም። መሐል ላይ እመቤትሽ ብትጠራሽ ቁጥሩን ያዢውና ሂጂ፤ ስትመለሺ ካቆምሽበት ቀጥዪ፣ እንደ አዲስ አትጀምሪ።