መልስ፦ ግዙፉ ሳላማንደር ቀኑን ሙሉ የማይንቀሳቀሰው ታሞ ነውን?

በእንስሳት ማቆያ ያዩት ግዙፍ የጃፓን ሳላማንደር (እንሽላሊት የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ) ከድንጋይ ሥር ሳይንቀሳቀስ መዋሉ የሕመም ምልክት እንደሆነ ለጠየቁት፣ ይህ በራሱ የሕመም ምልክት ሳይሆን የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። እስከ 1.5 ሜትር የሚረዝመው ይህ እንስሳ በጃፓን ቀዝቃዛ የተራራ ወንዞች የሚኖር የሌሊት አዳኝ ነው፤ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ የውኃውን ንዝረት በቆዳው እየለየ ያደባል፣ ዓሣ ወይም ሸርጣን ሲጠጋውም አፉን በቅጽበት ከፍቶ ከነውኃው ይስበዋል። ምግብ ሳይቀምስ ሳምንታት ቢቆይ አይጎዳም።

እኔ ይልቅ የምጠይቀው የውኃውን ሙቀት ነው። ሳንባ ቢኖረውም በአብዛኛው የሚተነፍሰው በጎንና ጎኑ በተሸበሸበው ቆዳው ስለሆነና ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ ደጋግሞ ወደ ላይ እየወጣ አየር የሚስብ ከሆነ ጠባቂዎቹን ማሳሰቡ ተገቢ ነው።

በመራቢያው ወራት፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ይህ ዝምተኛ እንስሳ ፈጽሞ ይለወጣል። ጠንካራው ወንድ ከወንዙ ዳር ያለ ጉድጓድ ይዞ ተቀናቃኞቹን እየነከሰ ያባርራል፤ ሴቶቹ እንቁላል ጥለው ሲሄዱም እሱ ቀርቶ በጅራቱ ውኃውን እያራገበ ለእንቁላሎቹ ኦክስጅን ያደርሳል፣ የሞቱትንና ሻጋታ የያዛቸውን ደግሞ እየለቀመ ይበላል። በሰው እጅ ማራባት አስቸጋሪ ሆኖ የቆየውም እንዲህ ያለ ጉድጓድ ስለሚፈልግ ይመስለኛል፤ የሂሮሺማው አሳ የእንስሳት ማቆያ በ1979 እ.ኤ.አ. ተሳክቶለታል። ዕድሜውን በተመለከተ፣ በ1881 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ውስጥ የሞተው ሳላማንደር በአውሮፓ ብቻ ከ50 ዓመት በላይ ኖሯል።