11 ዓመት የሆቴል ቁልፍ ስሰጥ ኖሬአለሁ፤ ስለ ባሕር ዳር አዳር ጠይቁኝ

ቁልፍ ያዥ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር መሀል ከተማ፣ ሪሴፕሽን ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። የማንንም ሆቴል ስም አልጠራም፤ አላሞግስም፣ አላማም። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። ስታዩ ደግሞ አንሶላውን ብቻ ዳብሳችሁ አትውጡ፤ ቧንቧውን ክፈቱ። በሉ ቀጥሉ።

መንገደኛው፦ ጋሼ፣ ጥሩ ሆቴል የቱ ነው?

ቁልፍ ያዥ፦ ለስንት ሰው? ለስንት ሌሊት? በስንት ብር? ለሥራ ነው ለሽርሽር? ይህን ይዘህ ተመለስ።

የአዲሳባ ልጅ፦ ክፍሉ 2000 ብር ነው ተብዬ ገባሁ። ስወጣ 2530 አስከፈሉኝ። ተበላሁ አይደል?

ቁልፍ ያዥ፦ አልተበላህም፤ አልጠየቅህም። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 2200 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት አለ፤ 330 ብር። ደምረው፣ 2530 ይመጣልሃል። ሌላ ጊዜ «ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ። እኔም በጊዜዬ ትንሿን ቁጥር ነበር የምናገረው፤ አለቃዬ የሚወዳት እሷን ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፦ ባለፈው ከልጆቼ ጋር ማታ 2 ሰዓት ገባን። ሙቅ ውሃ የለም። ስደውል «አለ» ይሉኛል። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሦስት ጊዜ «አለ»። በመጨረሻ ልጆቹ ሳይታጠቡ ተኙ። እንዲህ ዓይኑን ያፈጠጠ ውሸት ምን ይባላል?

ቁልፍ ያዥ፦ ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። እህቴ፣ ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ሙቅ ውሃ አለ፤ ገና አልሞቀም እንጂ።

ብዙ ቤት ሙቅ ውሃው የሚመጣው መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ከተሰቀለው ቦይለር ነው። 50 ሊትር ይይዛል እንበል። ባለ 1500 ዋት ከሆነ፣ ያንን ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ይፈጅበታል። እንግዳው ግን ሻንጣውን ያስቀምጣል፣ ማብሪያውን ይጫናል፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሻወር ሥር ይቆማል። ከዚያ ራቁቱን ይደውልልኛል።

ለምን ቀድሞ አይበራም? እኔ በነበርኩበት ቤት የባዶ ክፍል ቦይለር እንዲጠፋ ትእዛዝ ነበር። የመብራት ሂሳብ ነዋ! የጽዳት ሠራተኛዋ አንሶላ ቀይራ ስትወጣ ታጠፋዋለች። ስለዚህ መንገድ ላይ እያላችሁ ደውሉና «ቦይለሩን አብሩልኝ» በሉ። ይቺ አንዲት ስልክ በር ላይ ከተለጠፈው ኮከብ ትበልጣለች።

ጄኔሬተር አለን ሲሏችሁም አትዘናጉ። አለ፤ ግን ምን ምን ያነሳል? ሃያ ክፍል፣ በየክፍሉ 1500 ዋት ቢባል ለቦይለር ብቻ 30 ኪሎዋት ነው። ብዙ ባለቤት ይህን አስልቶ ጄኔሬተሩን ለአምፖልና ለሶኬት ብቻ ይዘረጋል። መብራት ሳይሄድ አሙቁ። 50 ሊትሩም ቢሆን ከቀዝቃዛ ጋር ተደባልቆ ሁለት ሰው፣ ከቆጠቡ ሦስት ሰው ያጥባል። ልጆቹን አስቀድሚያቸው።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፦ ቦይለሩን አጥፍታችሁ ታጠቡ። ኧርዝ፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ በደንብ ያልተዘረጋለት ሕንፃ ሞልቷል። «ውሃው ነዘረኝ» እያለ በፎጣ ደረጃ የወረደ እንግዳ በዓይኔ አይቻለሁ። አጥፍታችሁ ታጠቡ።

ወረታ ነኝ፦ ሶላር የገጠሙትስ እንዴት ናቸው?

ቁልፍ ያዥ፦ ከሰዓት በኋላ ድንቅ ናቸው። ሐምሌ ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ አልመሰክርላቸውም።

ባለ ካሜራው፦ ሐይቁ እንዲታየኝ የመጨረሻውን ፎቅ ልያዝ ብዬ ነበር።

ቁልፍ ያዥ፦ ያዝ፤ ዋጋውን እወቅ እንጂ። ሮቶው ያለው ጣራ ላይ ነው። ውሃ ግፊት የሚያገኘው ከከፍታ ነው። አንተ ሮቶው ሥር ነህ፤ ፓምፕ ካልተገጠመ ሻወሩ እንደ ጠበል ይንጠባጠብብሃል። መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ቀን ጣራው የጠጣውን ፀሐይ ማታ አንተ ላይ ይለቀዋል። ታች ምድር ቤት ባር አለ። እኔ ለዘመድ የምሰጠው ሁለተኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል ነበር። ጄኔሬተሩ ጓሮ ከሆነ ግን ወደ ፊት ለፊት ዙር። ሐይቁን ጠዋት በእግርህ ሄደህ እየው፤ ከመሀል ከተማ ቅርብ ነው።

እንቅልፍ ያጣው፦ እኔ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር የያዝኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያው ሲጀምር ከአልጋ ወደቅሁ።

ቁልፍ ያዥ፦ ራቅ ብለህ ያዝ።

የጣና ልጅ፦ እንዴ! ቤተ ክርስቲያኑ ነው ወይስ ሆቴሉ ነው ቀድሞ የነበረው? ማኅሌት ሰምቶ መንቃት እኮ በረከት ነው።

እንቅልፍ ያጣው፦ ማኅሌቱን ማን ጠላ? ማጉያው ነው። አባቶቻችን ያለ ማጉያ አልቀደሱም?

ወረታ ነኝ፦ ኧረ ጥር ላይ ና! የሰርግ መኪና ጡሩምባውን ነፍቶ ያንን ባለ ዘንባባ መንገድ አሥር ጊዜ ሲመላለስ ማኅሌቱን ትመርቃለህ።

የጣና ልጅ፦ አሁን ደግሞ ሰርጋችንን ጀመራችሁ?

ቁልፍ ያዥ፦ ጨርሳችኋል? የጆሮ መድፈኛ ፋርማሲ ጠይቁ፤ ካጣችሁ ጥጥ። ቀጣይ።

እጩ ሙሽራ፦ ከፍቅረኛዬ ጋር ነው የምመጣው። የጋብቻ ወረቀት ይጠይቃሉ?

ቁልፍ ያዥ፦ ሁለታችሁም መታወቂያ ያዙ። ሌላው እንደ ቤቱ ደንብ ነው፤ ደውለህ ጠይቅ። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም።

ቆላ የማያውቅ፦ ባሕር ዳር ወባ አለ ይላሉ። ሆቴል ውስጥም ያሰጋል?

ቁልፍ ያዥ፦ ትንኝ የሆቴል ደረጃ አታይም። ከተማዋ 1800 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ሐይቅ ዳር ናት፤ ወባ ያለበት አካባቢ ነው። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ጠንቀቅ በል። ክፍሉን ስታይ አጎበሩን ዘርጋው፤ ጥግ ላይ የታሰረ ለጌጥ ነው። ቀዳዳ ካለው ይቀየርልህ። የመስኮቱን ወንፊት በጣትህ ግፋው። «ፍሊት ነፍተናል» ካሉህ አመስግንና አጎበሩን ድጋሚ ጠይቅ። ከጉዞ በኋላ ካተኮሰህ ጤና ጣቢያ ሂድና ተመርመር፤ «ብርድ ነው» እያልክ አትተኛ።

ጾመኛ፦ ረቡዕና ዓርብ ቁርስ ምን ይሰጣሉ?

ቁልፍ ያዥ፦ ፉል፣ ፍርፍር። ለጾም መሆኑን ማታውኑ ንገሪያቸው፤ ጠዋት ከሆነ እንቁላሉ ተጠብሶ ይጠብቅሻል።

ባለ ካሜራው፦ ከቁርስ ይልቅ ዓሣውን ንገሩን። ምን ልዘዝ?

የጣና ልጅ፦ ቆሮሶ። ሙሉውን የተጠበሰ። አለቀ።

ወረታ ነኝ፦ አምባዛ ያልቀመሰ ሰው ስለ ዓሣ አያውራ።

የጣና ልጅ፦ አምባዛ ጭቃ ጭቃ ይላል።

ወረታ ነኝ፦ ጭቃ የሚለው የአንተ ማሰሮ ነው። እናቴ በአዋዜ ስትሠራው ብትቀምስ…

ጾመኛ፦ በጾም ቀን ነው እንዲህ የምታወሩት? እኔ ደግሞ ዓሣ አልበላም።

የጣና ልጅ፦ እሱ ደግሞ ሌላ ክርክር ነው፤ አባቶች ጠይቂ።

ቁልፍ ያዥ፦ ይህ የክፍል ጥያቄ ነው? አይደለም። ቀጣይ።

የአዲሳባ ልጅ፦ ጢስ ዓባይ ውሃ አለው አሁን?

ቁልፍ ያዥ፦ መስከረምና ጥቅምት ሂድ። በበጋ ውሃውን የመብራት ማመንጫው ይሻማዋል። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ለሌላው አስጎብኚ ጠይቅ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ሐይቁ ላይ ያለው ገዳም፣ ክብራን ገብርኤልስ? ከልጆቼ ጋር ልሳለም።

የጣና ልጅ፦ እህቴ፣ ክብራን ሴት አይገባም። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሂጂ፤ ሥዕሎቹ ብቻ ይበቁሻል። በጀልባ አንድ ሰዓት ግድም ነው።

የመኪና ሰው፦ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገዱ ሰላም ነው?

ቁልፍ ያዥ፦ የዛሬን የሚያውቀው ዛሬ የገባ ሹፌር ነው። እኔ የማውቀው ክፍል ነው።

ድጋሚ የማይመጣው፦ በኢንተርኔት ስይዝ መልቀቂያው 12:00 ይላል። እኔም እስከ ማታ አለኝ ብዬ ዘጌ ዋልኩ። ስመለስ ሻንጣዬ ሪሴፕሽን ቆሟል፤ ግማሽ ቀንም አስከፈሉኝ!

ቁልፍ ያዥ፦ በፈረንጅ ሰዓት ነው ወንድሜ። በእኛ ቀን 6 ሰዓት። በዚህ ነገር ስንት ሰው ጮኾብኛል። ጀልባ የምትይዙ ከሆነ ጠዋት ክፍሉን ልቀቁና ሻንጣችሁን ሪሴፕሽን አስቀምጡ፤ ይጠብቁላችኋል። ላፕቶፕና ገንዘብ ግን ከእናንተ አይለይ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ሙቅ ውሃ የማያስቸግር ሆቴል ጠቁሙኝ።

ቁልፍ ያዥ፦ ከላይ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ቢነግሩኝ።

ቁልፍ ያዥ፦ ባጭሩ፦ ከላይ አንብብ።

መንገደኛው፦ ጋሼ፣ ተመልሼአለሁ! ባሕር ዳር ገባሁ። ለአንድ ሰው፣ ለሁለት ሌሊት፣ ለሥራ ነው። ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው ብዬ ጠይቄአለሁ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ጓሮ። አጎበሩንም ዘርግቼ አየሁት። አሁን ቧንቧው ላይ ነኝ። ቀዩን ከከፈትኩ አምስት ደቂቃ ሆነኝ፣ ቀዝቃዛ ነው።

ቁልፍ ያዥ፦ ጎበዝ። ቦይለሩ መቼ በራ?

መንገደኛው፦ ዳንግላ ስደርስ ደውዬ አስበርቼዋለሁ። ሁለት ሰዓት አልፎታል።

ቁልፍ ያዥ፦ ሰማያዊውን ክፈት።

መንገደኛው፦ ቀዝቃዛውን?

ቁልፍ ያዥ፦ ክፈት አልኩህ።

መንገደኛው፦ ኧረ! ያቃጥላል!

ቁልፍ ያዥ፦ የቧንቧ ሠራተኛው አዙሮ ነው የገጠመው። በል አሁን አጥፋውና ታጠብ።

መንገደኛው፦ ውሃውን?

ቁልፍ ያዥ፦ ቦይለሩን!