ለኮምቦልቻው መምህር፦ የፈቃድ ደብዳቤውን ከማን ይጠይቁ?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ መምህር። ጥያቄዎን ያላዩ ሰዎችም እንዲከታተሉን በአጭሩ ላስቀምጠው። የአሜሪካ መንግሥት ወጪውን በሚሸፍነው አጭር የመምህራን ልውውጥ ፕሮግራም ተመርጠዋል፤ ፕሮግራሙን የሚያካሂደው ግን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። መሥሪያ ቤትዎ ከኤምባሲ ደብዳቤ ካላመጡ ፈቃድ እንደማይሰጥ ነገረዎት፤ ኤምባሲው ወደ ድርጅቱ መራዎት፤ ድርጅቱ ደግሞ ፈቃዱ የእርስዎና የአሠሪዎ ጉዳይ ነው አለዎት። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ በ2015 ዓ.ም. በተመሳሳይ መንገድ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ እርስዎ ያሉበትን ምልልስ ከነምሬቱ አውቀዋለሁ። ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ፎቶና ስለ ማመልከቻ ቅጽ አልናገርም፤ እስከ መመረጥ የደረሰ ሰው ይህን ጨርሶታል።

1. ከሁሉ በፊት የትኛው ወረቀት በማን እጅ እንዳለ ይለዩ። ገንዘቡ የሚወጣው ከአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ በውስጡ የትምህርትና የባህል ጉዳዮች ቢሮ የሚባል ክፍል አለ፤ የሚሠራውም እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የትምህርትና የባህል ልውውጥ ሕግ መሠረት ነው። ይህ ቢሮ ግን ራሱ የአውሮፕላን ትኬት አይቆርጥም፣ ማደሪያ አይፈልግም፣ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በየቀኑ አይጻጻፍም። ይህን ሥራ በውድድር ለድርጅቶች ይሰጣል። ለምሳሌ ፉልብራይት የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት የልውውጥ ፕሮግራም የተማሪዎች ክፍል በማስተዳደር የሚታወቀው የዓለም አቀፍ ትምህርት ኢንስቲትዩት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፤ ይኸውም ፉልብራይት ራሱ በ1946 ከመጀመሩ በፊት ነው። ብዙ ወጣቶቻችን የሄዱበትን የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎሺፕን ሲያካሂድ የቆየውም አይሬክስ የተባለ እንዲሁ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። አሠራሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም፤ ዳድ የምንለው የጀርመኑ የልውውጥ ተቋም አባላቱ ዩኒቨርሲቲዎችና የተማሪ አካላት የሆኑበት ማኅበር ሲሆን፣ አብዛኛው ገንዘቡ የሚመጣው ግን ከመንግሥት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእርስዎ ወሳኝ ነው። ለልውውጥ ቪዛ ለማመልከት የሚያስፈልገውን ዲኤስ 2019 የሚባል ቅጽ የሚያወጣው ስፖንሰር ሆኖ የተመዘገበው አካል እንጂ ኤምባሲው አይደለም፤ ቪዛውን የሚሰጠው ኤምባሲው እንጂ ድርጅቱ አይደለም፤ ከሥራ የመቅረት ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ የእኛው መሥሪያ ቤት እንጂ ከሁለቱ አንዳቸውም አይደሉም። እነዚህን ሦስቱን ሳይለዩ የሚመላለስ ሰው የትኛውም መስኮት ላይ «አይመለከተንም» ይባላል፤ የሚሉትም እውነታቸውን ነው። በሌሎች አገሮች፣ ለምሳሌ በጀርመን፣ ፉልብራይትን የሚያስተዳድር የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኮሚሽን ስላለ ባለጉዳዩ የሚሄድበት አንድ ቤት አለው። እኛ ዘንድ ያ ኮሚሽን ስለሌለ፣ አዲስ አበባ ካለው የኤምባሲው የሕዝብ ዲፕሎማሲ ክፍል በቀር እዚህ የሚያናግሩት አካል አይኖርም።

2. የድጋፍ ደብዳቤው የእኛን መሥሪያ ቤት እንዲያሳምን ተደርጎ ይጻፍ። ይህን ምክር በአንድ ዐረፍተ ነገር ልተወው አልችልም፤ ብዙ ያንገላታኝ እዚህ ላይ ነውና።

ድርጅቱ የላከልኝን የምርጫ ደብዳቤ አትሜ ስሙን ወደማልጠራው መሥሪያ ቤት ይዤ ሄድሁ። የሰው ሀብት ኃላፊው ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ከዚያም ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃን ተመለከተው። «ማህተሙ የታለ?» አለኝ። የአሜሪካ ድርጅቶች በፊርማና በአርማቸው እንጂ በማህተም እንደማይሠሩ ብነግረው፣ «ማህተም የሌለው ደብዳቤ ማንም ቤቱ ይጽፈዋል» አለኝና ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ቀጥሎ የጠየቀኝ ድርጅቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበበትን የምስክር ወረቀት ነበር። ድርጅቱ ደሴ ላይ ፕሮጀክት እንደማይከፍት፣ ሰው ወስዶ አሠልጥኖ እንደሚመልስ ባስረዳውም አልሰማኝም። ወረፋ የያዙ ሰዎች እየሰሙ «የማን ኤንጂኦ እንደሆነ ሳናውቅ ሠራተኛ አንለቅም፤ አንተም ሥራህን ሥራ» ብሎ አሰናበተኝ። አንድ መምህር በተማሪ ወላጆች ፊት እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሰማው እርስዎ ያውቁታል።

ቆይቶ ሳስበው ሰውዬው ጨዋነት ቢጎድለውም ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ገባኝ። በከተማችን ልውውጥ ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው ፒስ ኮር ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች ወደ አገራችን ሲገቡ ነገሩ የተቋጨው በሁለት መንግሥታት መካከል ነበር፤ ደብዳቤው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትምህርት ቤቱም መምህሩን ይረከባል። ደሴ ላይ ያስተማሯቸውን የፒስ ኮር መምህራን በስም የሚያነሱ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። በመካከል የሚገባ ሦስተኛ አካል አልነበረም። በሌላ በኩል የእኛ ዘመን የቢሮ ሠራተኛ ስለ ውጭ ድርጅት የተማረው ከአዋጅ ቁጥር 621/2001 ነው፤ ያ አዋጅ በመብት ነክ ጉዳዮች ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ያደረገ፣ የውጭ ገንዘብን ሁሉ በጥርጣሬ እንዲታይ ያስለመደ ሕግ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ቢተካም ልማዱ ከጠረጴዛው አልተነሣም። ስለዚህ «የአሜሪካ መንግሥት ይከፍላል፣ ድርጅት ያካሂዳል» ሲባሉ፣ የመንግሥት ከሆነ ድርጅቱ ምን አገባው፣ የድርጅት ከሆነ የመንግሥት ስም ለምን ይጠራል ብለው ይጠረጥራሉ።

መፍትሔው ክርክር አልነበረም። ለድርጅቱ የፕሮግራም ኃላፊ ጻፍሁላትና አዲስ ደብዳቤ አስጻፍሁ፤ እርስዎም ዛሬውኑ ይህንኑ ያድርጉ። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ሳይሆን በቀጥታ ለመሥሪያ ቤትዎ በስሙ ይጻፍ። ፕሮግራሙ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መሆኑን፣ ድርጅቱ ያንን በመወከል የሚያስፈጽም መሆኑን በመጀመሪያው አንቀጽ ይግለጽ። መሥሪያ ቤቱ አንዳች ወጪ እንደማይኖርበት፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀኑን፣ ተሳታፊው ሲያበቃ ወደ ሥራው የሚመለስ መሆኑን ይጥቀስ። ከፊርማው በታች ደግሞ «ግልባጭ፦ አዲስ አበባ ለሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ» የሚል መስመር ይግባበት። ሴትዮዋ ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ብትገረምም አልተቃወመችም፤ ከኤምባሲውም በዚያ ግልባጭ መነሻነት መመረጤን የሚያረጋግጥ አጭር ኢሜይል ደረሰኝ። ሁለቱን በቀለም አትሜ፣ ከአማርኛ ትርጉምና ከትምህርት ቤቴ ሸኚ ደብዳቤ ጋር አያይዤ፣ ወደ ኃላፊው ሳይሆን ወደ በላዩ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገቢ አስደረግሁት። ቁጥር የተሰጠው ወረቀት ተመርቶ ሲወርድ ያው ኃላፊ ሊጥለው አልቻለም፤ መልስ የመስጠት ግዴታ ነበረበት።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ዓመት ማብቂያ በቀረበው የሥራ ሪፖርት ላይ የእኔ ጉዞ «ከውጭ አጋር አካላት ጋር በተፈጠረ ትስስር የተገኘ ውጤት» ተብሎ መጠቀሱን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አጨበጨብሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ፈቃዱ ሲጻፍልዎት «ከደመወዝ ጋር» የሚለውን ሐረግ ሳያዩ እንዳይወጡ። የእኔ ደብዳቤ ፈቃድ መሰጠቱን ብቻ ይገልጽ ስለነበር ፋይናንስ ክፍሉ ደመወዜን አስቆመው፤ ባለቤቴ ልጆች ይዛ ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት እኔ ከባሕር ማዶ ስልክ ከመደወል በቀር አቅም አልነበረኝም። በሌለሁበት ክፍለ ጊዜዬን የሚሸፍነው ባልደረባዬ የፈረመበት ወረቀት ግን በጊዜው ስለተያያዘ፣ «ተማሪ ተበደለ» የሚለው ሰበብ አልተነሣብኝም። ዋስ ከጠየቁዎትም አይከፉ፤ የውጭ ጉዞ ሲባል ሁሉም ቀርቶ የሚቀር ስለሚመስላቸው ነው፤ ደመወዙ ከእርስዎ የማያንስ የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድመው ያነጋግሩ።

3. ቀንና ስም። የትምህርት ቤቴ ሸኚ ደብዳቤ 12/05/2015 የሚል ቀን ነበረው፤ እኛ ጥር 12 ቀን ብለን የምናነበው ነው። አሜሪካ ያለው ሠራተኛ ግን ደብዳቤው ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈው መስሎት አዲስ እንዲላክለት ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ በእኔ እጅ የሚያልፍ ደብዳቤ ሁሉ ሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎበት ነው የሚወጣው። ስም ደግሞ የባሰ ነው፤ ወሎ ውስጥ ሰይድ የሚባል ሰው በዲፕሎማው ላይ በ«ኢ» እና በ«አይ»፣ በፓስፖርቱ ላይ በ«ኤ» እና በ«ዋይ» ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ። ዲኤስ 2019 ላይ የሚሠፍረው የፓስፖርቱ አጻጻፍ ስለሆነ፣ ድርጅቱ ረቂቅ መረጃዎን ሲልክልዎት ፓስፖርቱን ከጎን ዘርግተው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። እኔ ዘንድ ሌላም ጣጣ ነበረበት፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በከተማችን በነበረው ጦርነት የቅጥር ፋይሌ ስለጠፋ የሥራ ዘመኔን በድጋሚ ማስረዳት ነበረብኝ። የእርስዎም ፋይል ሙሉ መሆኑን ማንም ሳይጠይቅዎት መዝገብ ቤት ወርደው በዐይንዎ ይዩት።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚሄድ ተሳታፊ፣ የፕሮግራም ቁጥሩ «ጂ 1»፣ «ጂ 2» ወይም «ጂ 3» ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ የቪዛ ማመልከቻ ክፍያም ሆነ ሴቪስ የሚባለው የምዝገባ ክፍያ አይጠየቅም። ቁጥሩ ዲኤስ 2019 ላይ ስላለ አይተው ያረጋግጡ። ስለዚህ ፒያሳም ሆነ ሌላ ቦታ ተቀምጦ «የኤምባሲ ክፍያ እኔ ልፈጽምልዎት» የሚል ሰው ካጋጠመዎት የሚጠይቀው ለኪሱ ነው። ለቃለ መጠይቅ ሲሄዱ ግን መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይሂዱ፤ ወጪውን ድርጅቱ ይተካ እንደሆነ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ደረሰኙንም ይያዙ።

ይህ የመንግሥትና የድርጅት ሽርክና ሌላም ጎን አለው፤ መንግሥቱ ገንዘቡን ሲይዝ ድርጅቱ ምንም ማድረግ አይችልም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለልውውጥ ፕሮግራሞች የሚሰጠውን ገንዘብ ለጊዜው ሲያግድ፣ ፕሮግራሞቹን የሚያካሂዱት ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ያለ ክፍያ ዕረፍት እስከማስወጣት ደርሰው ነበር፤ ውጭ አገር የነበሩ ተሳታፊዎችም የወር ገንዘባቸው ይመጣ አይመጣ ሳያውቁ ሰንብተዋል። እንግዲህ ዲኤስ 2019ና ትኬቱ እጅዎ እስኪገቡ ድረስ የማታ ማስተማሩን አይልቀቁ፣ የተከራዩትን ቤትም አያስረክቡ።

በመጨረሻም ከጥያቄዎ ሥር «ከሄድክ በኋላ ሁለት ዓመት ከአገር መውጣት ክልክል ነው» ብለው ለጻፉት ወንድማችን መልስ ልስጥ፤ ሰው ያስፈራልና። በመንግሥት ገንዘብ ጄ 1 በሚባለው የልውውጥ ቪዛ የሄደ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ በድምሩ ሁለት ዓመት ሳይኖር የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ኤች እና ኤል የሚባሉትን የሥራ ቪዛዎች ማግኘት አይችልም፤ ግዴታው ይኸው ነው። ለስብሰባ ወደ ናይሮቢ ወይም ለትምህርት ወደ ጀርመን ከመሄድ አይከለክልም፤ ውጭ የቆየበት ጊዜ ግን ከሁለት ዓመቱ አይቆጠርለትም። ለመሥሪያ ቤትዎ ግን ይህን ግዴታ በደንብ አድርገው ይንገሩት፤ ኃላፊው ትንሽ ለስለስ ያለልኝ ይህን አንቀጽ በአማርኛ ተርጉሜ ካሳየሁት በኋላ ነው። ያን ትርጉምና ድርጅቱ የጻፈልኝን ደብዳቤ ስሜን ሸፍኜ አስቀምጫቸዋለሁ፤ በውስጥ መስመር ከጻፉልኝ ዛሬ ማታ እልክልዎታለሁ።